አምራቾች ቢሠሩልን የምንላቸው የሞዴል ባቡር ዕቃዎች (ባቡር ካልደረሰበት ጎንደር)

ሀዲዱ ከአዘዞ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ውጭ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ የሞዴል ባቡር ካታሎግ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። የጀርመን ነው፤ ጡብ ያክላል። ሦስት ማታ አገላበጥኩት። የስዊዝ ተራራ ባቡር አለ። የቢራ በርሜል የጫነ ፉርጎ አለ። በረዶ የሚጠርግ ሎኮሞቲቭ ሳይቀር አለ። የኛን ሀገር የሚመስል ግን አንድ ፉርጎ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ሰው የለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አምራቾች ጆሮ ቢሰጡን ምን ሥሩልን ትላላችሁ? አንድ ነገር ብቻ። «ሁሉንም» ያለ ይባረራል።

እኔ ልጀምር። የድሮው ምድር ባቡር፣ ከነፉርጎው፣ በኤችኦ ስኬል። ለአዲሶች፦ ኤችኦ ማለት እውነተኛው ዕቃ ለ87 ሲካፈል ነው። የምድር ባቡር ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ለ87 ስታካፍሉት 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ለስዊዝ ተራራ ባቡሮች ተብሎ የሚሸጥ ባለ 12 ሚሊሜትር ሀዲድ አለ። የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም። ፔኮ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሀዲዱን ይሠራል። የጀርመኑ ቤሞ ደግሞ በላዩ የሚሄዱትን ይሠራል። የሚሄዱት ግን ቀያዮቹ የስዊዝ ባቡሮች ናቸው። ሀዲዱ አለ፣ ባቡራችን የለም።

ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ መስመር ነው። 784 ኪሎ ሜትር። እንዴት አንድ ሰው እንኳ ሞዴል አይሠራለትም?

«ጎንደር ምን ባቡር አለና ነው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ፣ ቡና አፍልቼ እጠብቀዋለሁ።

---

ቺፑድ

እንኳን ከፈትከው። አንተ የኛን ባቡር ትመኛለህ፤ እኔ የማንም ይሁን፣ የሚሄድ ባቡር ነው የምመኘው።

ቤቴ ያለው ገበታ ሁለት ሜትር በሰማንያ ሴንቲ ነው። ስሜ እንደሚለው ከቺፑድ የተሠራ። ሎኮሞቲቩ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከሀዲዱ ነው። ሀዲዱ ለጎማው፣ ጎማው ለሞተሩ ያቀብላል። እና እዚህ ጎንደር ሦስት ጠላት አለብኝ። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ነው የሚመጣው፤ አንድ መቆጣጠሪያ አቃጥሎብኛል። ሦስተኛው አቧራ ነው። በበጋ መስኮት ከፍተህ ሻይ እስክትጠጣ ሀዲዱ ላይ ስምህን መጻፍ ትችላለህ። ጎማና ሀዲድ በደንብ ካልተነካኩ ባቡሩ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ፣ እየቆመ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመጫወቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ሀዲድ በአልኮል እወለውላለሁ። አንድ ቀን አልኮል አልቆብኝ የጎረቤት አረቄ ተጠቀምኩ። ባቡሩ እንደ ጉድ ሄደ። ቤቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አረቄ ቤት አረቄ ቤት ሸተተ። ባለቤቴ «ሀዲድ ስጠርግ ነው» ያልኳትን እስከ ዛሬ አላመነችም።

ምኞቴ፦ ባትሪው ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ይሁን። ሀዲዱ መንገድ ብቻ ይሁን፣ ኤሌክትሪክ አይሸከም። ትእዛዙን ከስልክ በሬዲዮ ይቀበል። ቻርጀሩም የስልክ ቻርጀር ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ላይ ይሰካ። በትልልቆቹ ስኬሎች ሰው ይህን ከሠራው ቆይቷል፤ ሆዳቸው ሰፊ ነዋ። በኤችኦ ግን ሎኮሞቲቩን ፈትተህ፣ ቆርጠህ፣ በብየዳ ራስህ ነህ የምታስገባው። መብራት ለአፍታ ሲቋረጥ የምታሻግር ካፓሲተር ያላቸው ዲኮደሮች (ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆነው ትእዛዝ የሚቀበሉ ቺፖች) አሉ፤ እሷ ግን የምታሻግርህ ቆሻሻ ቦታ ነው እንጂ የቀበሌ ሙሉ ጨለማ አይደለም።

ሌላ ጥቅም አለው። ሀዲድህን አዙረህ በራሱ ላይ ብትመልሰው የግራው ከቀኙ ይገናኝና ሾርት ያደርጋል። ለዚያ ብቻ የሚገዛ መሣሪያ አለ። ባትሪ ከሆነ እንደፈለግህ ጠምዝዘው።

---

የማራኪ መምህርት

ቺፑድ፣ አረቄው አንዴ ነው ሁለቴ የወጣ? ለሳይንስ ነው።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አንድ ያረጀች የኤን ስኬል ባቡር አለችኝ፤ 1 ለ160 ናት፣ ሀዲዷ 9 ሚሊሜትር። ክፍል ይዣት እገባለሁ። በቀደም ተማሪዎቼን የምድር ባቡርን ርዝመት ለ87 አካፍሉ አልኳቸው። 784 ኪሎ ሜትሩ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ማለት ሀዲዱ ከፒያሳ ተነስቶ አዘዞ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል፤ በሞዴሉ ነው እንግዲህ። ከዚያ ከፍታውን። ባቡሩ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ለ87 ሲካፈል 26 ሜትር። የፋሲል ግንብ ወደ 32 ሜትር ነው። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ስለዚህ ባቡሩ ግንቡን ሊወጣው ምንም አልቀረው» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ዳገት ካስተማርኩት ይልቅ ያቺ ነገር ገባቻቸው።

የምመኘው ለትምህርት ቤት የሚሆን ካርቶን ነው። አንድ ጠንካራ ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት ሜትር ሀዲድ፣ እና ቁጥር የተጻፈባቸው የዳገት ድጋፎች፤ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ፣ ሦስት በመቶ እየተባለ። ሆዱ በሚያሳይ ፕላስቲክ ይከደን። ምክንያቱም ሁልጊዜ የምጠየቀው «ለምን በእጅ ሲገፉት አይሄድም?» ነው። ውስጡ ያለው ጥርስ እንደ ቡሎን የተጠመዘዘ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ግን ሞተሩን ማዞር አይችልም። ይህን በሰሌዳ ማስረዳት ሌላ፣ በዓይን ማየት ሌላ።

---

ሳሙና በር

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ? ሽንኩርት ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ? ጎንደር ላይ የባቡር ፊሽካ ተሰምቶ አያውቅም። ይህ የልጅ መጫወቻ ነው። ለዚያውም የሀብታም ልጅ።

---

ሀዲዱ ከአዘዞ

መጣህልን! ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

የመጀመሪያውን ሎኮሞቲቬን የገዛሁት ከአንድ የቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ላይ ነው፤ ከተሰበረ ብረት ምጣድና ከሬዲዮ ማስተካከያ ጎን። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። የሀብታም ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር አይፈታም፣ ወንድሜ።

---

ሃያ አምስት ሺህ ቮልት

ሀዲዱ፣ ትዝታህን አከብራለሁ፤ ግን ንግዱን አስብ። ፕላስቲክ ሎኮሞቲቭ የሚፈሰው በብረት ሻጋታ ነው። ሻጋታው ነው ውዱ። አምራቹ ወጪውን ለመመለስ ያንኑ ሎኮሞቲቭ በብዛት መሸጥ አለበት። የድሮውን ምድር ባቡር ስንት ሰው ይገዛል? አንተ፣ እኔ፣ ድሬዳዋ ያሉ አምስት ሰዎች፣ ፈረንሳይ ያሉ ጥቂት ሽማግሌዎች።

የኔ ምኞት ስለዚህ ቀላል ነው፤ ቀለም ብቻ። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሀዲዱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል፤ ዓለም ሁሉ የሚሸጠው ተራው የኤችኦ ሀዲድ። ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮቹም ከቻይናዎቹ ባለ ስድስት አክሰል ዘር ናቸው። የቻይና ባቡር ሞዴል የሚሠራ አምራች ደግሞ ሞልቷል፤ ባክማን ራሱ ሠርቷል። ሻጋታው ያለው ሰው የኛን ቀለምና የኛን ጽሑፍ ቢቀባልን አለቀ። አዲስ ብረት አያስፈልግም።

ከላይ ያለውን ሽቦም እንዳትረሱ። ስሜን ያገኘሁት ከሱ ነው።

---

ስታዲየም ቁልቁል

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ብትፈቅዱልኝ ልግባ። የቦታ ችግር ላለበት ሰው ቀላል ባቡሩን የመሰለ የለም። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ። አንዱ ባቡር ወደ 28 ሜትር ነው፤ በኤችኦ 32 ሴንቲ። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ስለሆነ ጠባብ ኩርባ አያስቸግረውም። በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ስታዲየምን ሠርተህ፣ ከሥሩ ሚኒባስ ደርድረህ ታድራለህ። አረንጓዴም ሰማያዊም ይሥሩልን። አመሰግናለሁ፣ ወጣሁ።

---

አባ ፉርጎ

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ይህን ገጽ የከፈተችልኝ የልጅ ልጄ ነች፤ የምለውን እሷ ናት የምትጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመት ድሬዳዋ አቴሊዬ፣ የባቡር መጠገኛው ውስጥ ማለት ነው፣ ሠርቻለሁ። አሁን ልጄ ዘንድ ጎንደር ነኝ። ብርዱን ገና አልለመድኩትም።

ያላችሁትን ሁሉ አነበበችልኝ። ሎኮሞቲቩን ታገኙታላችሁ፤ ፎቶው ሞልቷል። ከሀዲዱ ሥር የሚጋደመውን ግን ማንም አላነሳም። በካታሎግ ያሳየችኝ ሁሉ እንጨት ነው። የኛ ብረት ነበር። ያ አገር ምስጥ ነው፣ ፀሐይ ነው፤ እንጨት አይበረክትም። ብረቱ መሃሉ ጎበጥ ይላል፤ ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ መሬቱን ይነክሳል። ባቡር በላዩ ሲሄድ ድምፁም ሌላ ነው። እንጨት ያፍነዋል፣ ብረት ይመልሰዋል። በሥዕል የሠራችሁት ባቡር በእንጨት ላይ ከሄደ እኔ አላውቀውም። የሰው ሀገር ባቡር ነው።

የምመኘው ይህን ነው፤ ባለ 12 ሚሊሜትሩን ሀዲድ በብረት ጋድም። ምኞት አንድ ነው ብላችኋል እንጂ ሁለተኛም ነበረኝ።

---

የማራኪ መምህርት

ኧረ ጋሼ፣ ለእርስዎ ሕጉ ተነስቷል። ይንገሩን።

---

አባ ፉርጎ

እግዜር ይስጥሽ። ሁለተኛው ሰው ነው።

እናንተ ባቡሩ ሲሄድ ታያላችሁ። እኛ ደግሞ ሲቆም ነበር የምናየው። ጣቢያ ሲደርስ ነው ነገሩ። ኤረር ላይ ብርቱካን ተሸክመው የሚሮጡ ሴቶች። የግመል ወተት በቆርቆሮ። ጫት በመስኮት የሚያቀብል ልጅ፤ ገንዘቡን ሳይቀበል ባቡሩ ተነስቶበት አብሮ የሚሮጥ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ጣራ ላይ የተቀመጠው ሰው ውስጥ ካለው አያንስም ነበር፤ ከነፍየሉ። ወርዳችሁ ሂዱ ብንል ማን ሰምቶን።

ጣራ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይሥሩ። እግሩን ወደ ታች የለቀቀ። ራሱን በሽርጥ የጠመጠመ። ባዶ ጣራ ያለው የምድር ባቡር አላምንም።

---

ከፋሲል ማዶ

ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም። ስድስት ዓመት ውስጤ የነበረውን ነው ያወጡት።

እኔ ባቡር የለኝም። ሳቁ። ያለኝ መንደር ነው። 1 ለ87 ሰዎችን ፕራይዘር የሚባል የጀርመን ኩባንያ ነው በብዛት የሚሠራው። ሰዎቹ ቁመታቸው ሁለት ሴንቲ ገደማ ነው፤ ፊታቸው ላይ ጢም ይታያል፣ እንዲያ ነው ጥራታቸው። ግን ሁሉም ወይ ስኪ ይጫወታሉ፣ ወይ ካፖርት ለብሰው ትራም ይጠብቃሉ። ስለዚህ እኔ እቀይራቸዋለሁ። ካፖርት የለበሰችውን ሴት ነጭ ቀብቼ፣ ከሶፍት ወረቀት ላይ አንዷን ሽፋን ገንጥዬ፣ በውሃ የቀጠነ ኮላ ነክሬ ነጠላ አለብሳታለሁ። ሲደርቅ እጥፋቱ እንደ እውነተኛ ይቀራል። ጃንጥላ ይዞ ዝናብ የሚጠብቀውን ሰውዬ ቄስ አደረግሁት። ጃንጥላውን ወርቃማ ክር ዙሪያውን አስይዤ የጥምቀት ጃንጥላ ሆነ። ይሄኛው ኩራቴ ነው።

ዛፉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሚሸጠው ጥድ ነው፣ ሁሉም እንደ ገና ዛፍ የሾለ። ባህር ዛፍ የለም። ኢትዮጵያን ያለ ባህር ዛፍ እንዴት አድርገህ ትሠራለህ? ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ የሆነ። ጠፍጣፋ አናት ያለው ግራርም የለም፤ እሱን ከዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ነው የማወጣው። ለቁጥቋጦ ግን ምስጢር ልንገራችሁ፤ የደረቀ ጦስኝ። ከገበያ አንድ እስር ግዙ። ቅርንጫፉ በተፈጥሮው ትንሽ ዛፍ ነው። ሻይ ታፈሉበታላችሁ፣ የተረፈው ጫካ ይሆናል።

ምኞቴ አንድ ሳጥን ነው። አሥራ ሁለት ሰው፤ ነጠላ ያደረጉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ጭነት የተሸከመች፣ ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመ። ሁለት አህያ። አንድ ባጃጅ። ባቡሩን ከዚያ በኋላ ሥሩት ካላችሁ ሥሩት።

---

ሃያ አምስት ሺህ ቮልት

ባጃጁን እኔም እደግፋለሁ። ሰማያዊ ይሁን።

---

ቺፑድ

ቆይ፣ አንድ ነገር ታየኝ። ጋሼን ካነበብኩ በኋላ ነው።

የላዩን ነገር እኮ ራሳችን መሥራት እንችላለን። ሰዉንም፣ ፉርጎውንም፣ የብረት ጋድሙንም። በስሪዲ ፕሪንተር ይወጣል፤ የሬዚኑ ዓይነት ከሆነማ የፉርጎው ሚስማር ሳይቀር ይታያል። እኛ የማንሠራው ሆዱን ነው። ሞተር፣ ጥርስ፣ ጎማ፣ ከሀዲድ የማይወጣ።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ካቶ ለ9 ሚሊሜትር ሀዲድ ሞተር ያለው እግር ብቻ ነጥሎ ይሸጣል። ትንሽ ናት፤ ላይዋ ባዶ። የፈለግከውን ቤት ትጭንባታለህ። እኔ የምለው፣ ያንኑ በ12 ሚሊሜትር ለምን አይሠሩልንም? በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት የሚሳብ የሚገፋ ሆኖ። መሃሉ ላይ ለባትሪ ቦታ የተተወ። አበቃ። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ሺህ ቮልት ያነሳው የሻጋታ ወጪ ለምድር ባቡር ብቻ አይሆንም። ስዊዙም፣ ህንዱም፣ ታንዛኒያውም አንድ ሜትር ሀዲድ አለው፤ ሁሉም ያችኑ እግር ይገዛል። ቤቱን እያንዳንዱ ለራሱ ያትማል።

እስከዚያ ድረስ ደግሞ መላ አለ። ቲቲ የሚባለው ስኬል 1 ለ120 ነው። ተራው ሰፊ ሀዲድ (ባለ 1,435 ሚሊሜትሩ) ለ120 ሲካፈል 12 ሚሊሜትር ይሆናል። የኛ አንድ ሜትር ሀዲድም በ87 ወደ 12 ነው። አያችሁ? የቲቲ ሎኮሞቲቭ ቤቱን አንስተህ፣ ሆዱን ይዘህ፣ ላዩ ላይ የኤችኦ ምድር ባቡር ብትከድንበት ሀዲዱን አይስትም። አሮጌ የምሥራቅ ጀርመን ቲቲ በርካሽ ይገኛል። የእንግሊዙ ሆርንቢም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቲቲ እየሠራ ነው።

ጋሼ፣ የፉርጎ ልክ ያስታውሳሉ? ርዝመቱ ባይሆን እንኳ በሩ ስንት ነበር?

---

አባ ፉርጎ

አያቴ ሳቀ። (የልጅ ልጁ ነኝ፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።)

ልክ በሜትር አልያዝኩም ይላል። በክንድ ግን አውቃለሁ ይላል፤ የዕቃ ፉርጎ በር በሁለት እጄ ተዘርግቼ ስይዘው ጫፍና ጫፉ ጣቴን ያስጨርሰኝ ነበር ይላል። አሁን ተነስቶ ግድግዳው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሜትር አምጪ እያለኝ ነው።

---

አባ ፉርጎ

አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት። «በወጣትነቴ ትንሽ እበልጥ ነበር፣ ሁለት ሴንቲ ጨምሩበት» ብሏል።

---

ቺፑድ

1.74 ለ87፤ ልክ 20 ሚሊሜትር! ጋሼ፣ በክንድዎ ኤችኦ ነዎት። ዛሬ ማታ መሳል እጀምራለሁ።

---

ሳሙና በር

ተከታትያለሁ፤ ሥራ ስለሌለኝ ነው እንጂ።

አንድ ጥያቄ ግን። ይሄ ሁሉ ድሬዳዋ ነው፣ አዲስ አበባ ነው። ጎንደርን የሚሠራ የለም?

---

ሀዲዱ ከአዘዞ

አለ እንጂ። ስሜን ከየት ያመጣሁት መሰለህ?

በሀገሪቱ የባቡር መስመር እቅድ ካርታ ላይ ከወረታ ተነስቶ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ መስመር ነበረ። ወረቀት ላይ ቀረ። እኔ ያንን ነው የምሠራው። ሰፊው ሀዲድ ነው፤ ስለዚህ በኤን ስኬል፣ 9 ሚሊሜትር። ፈረንጆቹ እንዲህ ዓይነቱን «ቢሆን ኖሮ» እያሉ ብዙ ይሠራሉ። የአዘዞ ጣቢያ አለቀ ማለት ይቻላል። ግድግዳውን የድንጋይ፣ ማዕዘኑን እንቁላል አናት አደረግሁት፤ እንደ ግንቡ። አርክቴክት ይስቅብኝ ይሆናል። ከጀርባው ሰሌዳ ላይ ከተማውን ከሩቅ ላሳይ አስቤ ነበር፤ ግን ሥዕል አልችልም።

---

ሳሙና በር

በዚህ በኤን የፋሲል ግንብ ስንት ሴንቲ ይወጣል?

---

የማራኪ መምህርት

32 ሜትር ለ160። 20 ሴንቲ።

---

ሳሙና በር

የዲሽ ካርቶን አለኝ። ወፍራም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ እንዴት ነው የምትገኘው?